ሐኪም ቤት ብቻችንን አንሂድ

(የማኅበራችን የጤና ኮሚቴ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር ነው። በዕለቱ በሥራ ምክንያት ላልተገኛችሁ አባላት እንዲደርሳችሁ እንዳለ አትመነዋል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ ሥራ ለውጣችሁ፣ የሌሊት ተረኛ የነበራችሁም እንቅልፋችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጥቂት ጊዜ ስጡን።

በታሪክ እንጀምር። ባለታሪኳ እህታችን እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች። ስሟን አንጠራም፤ ታሪኩን እንድንናገረው ግን እሷው ፈቅዳልናለች። እንዲያውም «ተናገሩት፤ ዝም ካላችሁ ለሌላዋም ይደርሳል» ያለችን እሷ ናት።

የእህታችን ባል በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ ያገለገለ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለደችው ባሏ በነበረበት የጦር ሰፈር ሆስፒታል ነበር። ሕንፃው ያረጀ ነበር፤ ግን ነርሶቹ ሌሊቱን ሙሉ እየመጡ ደም ግፊቷን ይለኩ ነበር፤ አስተርጓሚ በስልክ አገናኟት፤ ከወጣች በኋላም ቤቷ ደውለው ጠየቋት። ሲወጡ የተጠየቁት የሚረባ ሒሳብ አልነበረም። ሁላችንም «ዕድለኛ ነሽ» ብለናታል።

ባሏ አገልግሎቱን ጨርሶ ወደዚህ መጡ። ሁለተኛውን ልጅ የወለደችው ስሙ በተጠራ ትልቅ የሲቪል ሆስፒታል ነው። አዲስ ሕንፃ፣ የሚያበራ ወለል። በሁለተኛው ቀን ወደ ቤቷ ሸኟት። እኛም እንደ ወጋችን ገንፎና አጥሚት ይዘን፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ገባን። በስድስተኛው ቀን «ራሴን በጣም ያመኛል፣ ዓይኔንም ብዥ ይለኛል» አለችን። እኛ ምን አልናት? «ቡና ስላልጠጣሽ ነው» አልናት። አፈላንላት። አልተሻላትም። ሆስፒታሉ ደወለች። ስልኩን ያነሳው ሰው ድካም መሆኑን፣ የራስ ምታት መድኃኒት እንድትወስድና የስድስት ሳምንት ቀጠሮዋን እንድትጠብቅ ነገራት። እኛም «እነሱ ያውቃሉ፣ ትልቅ ሆስፒታል ነው» ብለን ወደየሥራችን ሄድን።

በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ ራሷን ሳተች። ባሏ 911 ደወለ። ሲለካ የደም ግፊቷ ላይኛው ቁጥር ከ190 በላይ ነበር። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው፣ ከወሊድ በኋላም የሚመጣው የደም ግፊት በሽታ ወደ መንቀጥቀጥ ተሸጋግሮ ነበር። አምላክ ይመስገን፣ ተረፈች። ግራ ዓይኗ ግን እስከ ዛሬ ይደበዝዛል።

በዚያ ቤት ውስጥ ከነበርነው አራት ሴቶች መካከል ሦስታችን በዚህ አገር በነርስ ረዳትነት የምንሠራ ነን። የሰው ደም ግፊት በየቀኑ እንለካለን። የገዛ እህታችንን ግን አልለካንም። ዛሬ እዚህ የቆምነው ይህን ለማመን ነው።

እሷን ልንጠይቅ በሄድንበት ጊዜ አንዳችን «ምነው የወታደር ሆስፒታል በወለድሽ ኖሮ» አለች። ይህን ጊዜ አንዲት እናታችን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «የኔን ልጅ አላያችሁማ» አሉ።

የእኚህ እናት ልጅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሠራዊት የገባ ነው። በሚሠለጥንበት ሰፈር ሆዱን አመመው። ሁለት ጊዜ ሐኪም ዘንድ ቀረበ፤ ሁለት ጊዜም ሞትሪን ተሰጥቶት «ውኃ ጠጣ» ተብሎ ወደ ልምምድ ተመለሰ። ወታደሮቹ ራሳቸው የሚቀልዱበት ነገር ነው ይላሉ፤ እግር ቢሰበርም ሞትሪን፣ ሆድ ቢታመምም ሞትሪን። በሦስተኛው ቀን ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ተገኘ። ሁለት ጊዜ ተቀደደ፤ ወራት ተኛ። እናትየው ጠበቃ ዘንድ ሄዱ። ጠበቃው «እማማ፣ ወታደር መንግሥትን በሕክምና ስህተት ፍርድ ቤት ሊከስ አይችልም» አላቸው።

እንግዲህ ሁለት ቤት፣ ሁለት ታሪክ። አንዷ የወታደሩ ሆስፒታል አዳነኝ ትላለች፤ ሌላዋ ልጄን ሊገድለው ነበር ይላሉ። የትኛው ነው እውነት? ኮሚቴያችን ክረምቱን ይህን ሲጠይቅና ሲያነብ ቆየ። ያገኘነውን መልስ አስቀድመን እንንገራችሁ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። በር ላይ የተጻፈው ስም በውስጡ ምን እንደሚደረግልን አይነግረንም።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዲሲ በጆርጂያ አቬኑ በአውቶቡስ የምንመላለስ ሁሉ የቀድሞውን የዋልተር ሪድ ግቢ እናውቀዋለን። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ዋነኛ ሆስፒታል ነበር። ፕሬዚዳንቶች ታክመውበታል። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን እግራቸውን አጥተው የመጡ ልጆች በዚያ ተቀድደው፣ ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞላቸው እንደገና መራመድ ችለዋል። በ2007 የካቲት ወር ላይ ዳና ፕሪስት እና አን ሃል የተባሉ ሁለት ሴት ጋዜጠኞች በዋሽንግተን ፖስት ያወጡት ጽሑፍ ግን አገሩን አስደነገጠ። ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሕንፃ 18 የሚባል ቀድሞ ሆቴል የነበረ ቤት ነበር። ከአልጋ ተነሥተው ገና ክትትል ላይ ያሉ ቁስለኞች ይኖሩበት ነበር። ግድግዳው ሻግቷል፤ አይጥና በረሮ ወሮታል። ጭንቅላቱ የተመታ ልጅ ቀጠሮውን የሚያስታውሰው አጥቶ፣ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ወረቀት ይዞ ይንከራተት ነበር።

ልብ በሉ እህቶቻችን። አንድ ሆስፒታል ነው፤ አንድ ስም ነው። በመንገዱ አንድ ጎን በዓለም የታወቀ ቀዶ ሕክምና አለ፤ በሌላው ጎን ሻጋታ። ጽሑፉ በወጣ በሳምንታት ውስጥ የሆስፒታሉ አዛዥ ተነሡ፤ የጦር ሠራዊቱ ሚኒስትር ፍራንሲስ ሃርቪም ሥራቸውን ለቀቁ። ሆስፒታሉ በ2011 ተዘግቶ በቤተዝዳ ከነበረው የባሕር ኃይል ሆስፒታል ጋር ተዋሐደ። ነገሩን ያስተካከለው የስሙ ትልቅነት አልነበረም። ሁለት ሴቶች ገብተው አዩ፤ ቁስለኞቹና ሚስቶቻቸው ተናገሩ። ያስተካከለው ይህ ነው።

በ2014 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ ቸክ ሄግል የሠራዊቱ ሆስፒታሎች በሙሉ እንዲመረመሩ አዘዙ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የወጣው ግምገማ በጥቅሉ የሠራዊቱ ሕክምና ከሲቪሉ ጋር የሚወዳደር ነው አለ፤ ግን ከሆስፒታል ሆስፒታል ሰፊ ልዩነት እንዳለ፣ በአንዳንዱ ነገር ከሲቪሉ የሚበልጡ፣ በአንዳንዱ ወደ ኋላ የቀሩ መኖራቸውን አመነ። በዚያው ዓመት በአሪዞና ፊኒክስ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል፣ እኛ ቪኤ በምንለው፣ የታካሚዎች ቀጠሮ ትክክለኛው የቆይታ ጊዜ እንዳይታይ በተደበቀ ዝርዝር ይያዝ እንደነበር ተጋለጠ። ሚኒስትሩ ኤሪክ ሺንሴኪ ለቀቁ። ይህም ሆኖ ቪኤን ከሲቪል ሆስፒታሎች ጋር ያነጻጸሩ ብዙ ጥናቶች፣ ታካሚው አንዴ ከገባ በኋላ የሚያገኘው ሕክምና በአብዛኛው እኩል ወይም የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል።

ሲቪሉስ? በ1999 የወጣው የታወቀ ጥናት በአሜሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ ሊቀር በሚችል ስህተት በዓመት ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው እንደሚሞት ገምቷል። በወሊድ በኩል ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚነካን ነገር አለ። በ2023 በአሜሪካ ከ100,000 ወሊድ ውስጥ የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3 ሲሆኑ፣ ነጭ እናቶች 14.5 ነበሩ። ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከእርግዝና ጋር የተያያዘው ሞት ከግማሽ በላይ የሚደርሰው እናቲቱ ከወለደች ከሳምንት በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ነው። ማለትም እኛ ገንፎ ይዘን በምንገባበት ጊዜ፣ በኛ ዓይን ፊት ነው። ከእነዚህ ሞቶች ከአሥሩ ስምንቱ ሊቀሩ የሚችሉ ነበሩ ይባላል።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ያገኘናቸውን ምክንያቶች በአጭሩ እንናገር።

አንደኛው ልምድ ነው። እንጀራ የምንጋግር ሁላችን ይህን እናውቀዋለን። በዓመት አንዴ ምጣድ የምትጥድ ሴት ሊጡ ቢያምርም እንጀራዋ ዓይን አያወጣም። ወታደር ባመዛኙ ወጣትና ጤነኛ ነው፤ ስለዚህ በትንንሽ የጦር ሰፈር ሆስፒታሎች ከባድ ቀዶ ሕክምና የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። የሐኪሙ ትምህርት ሳያንስ እጁ ልምምድ ያጣል። ትንሽ የገጠር ሲቪል ሆስፒታልም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ገንዘብና ቋንቋ ነው። በሠራዊቱ በኩል ሁሉም ታካሚ ሽፋን አለው፤ «ኢንሹራንስሽ ምንድን ነው» ተብሎ ፊት አይነሣም። በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ሕክምናዎች በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው ልዩነት በዚያ ጠበብ ብሎ ተገኝቷል። በሲቪሉ ግን ኢንሹራንሳችን፣ ሰፈራችን፣ እንግሊዝኛችን ይታያል።

ሦስተኛው ተጠያቂነት ነው። የእናታችን ጠበቃ የነገራቸው ነገር ከ1950 ጀምሮ የቆየ ነው። በዚያ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፌሬስ በተባለው ጉዳይ፣ ወታደር በአገልግሎት ላይ እያለ ለደረሰበት ጉዳት መንግሥትን ሊከስ አይችልም ብሎ ወሰነ። አብረው ከታዩት ጉዳዮች አንዱ ሆዱ ተቀድዶ ሲሰፋ ፎጣ የተረሳበት ወታደር ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ፎጣው ሲወጣ የሠራዊቱ ሕክምና ክፍል ስም ተጽፎበት ነበር። እሱም ካሣ አላገኘም። ሪቻርድ ስቴይስካል የተባለ የልዩ ኃይል ወታደር፣ የሳንባ ካንሰሩ በሠራዊቱ ሆስፒታል ሳይታወቅለት ከቀረ በኋላ፣ እየታመመ ኮንግረስ ደጅ ተመላለሰ። በ2019 ታኅሣሥ በስሙ የተጠራ ሕግ ወጣ። ዛሬ ወታደሩ ፍርድ ቤት ባይሄድም ለመከላከያ ሚኒስቴር የካሣ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። በጦር ሜዳ ላይ የተሰጠ ሕክምናን ግን አይጨምርም። የወታደር ሚስትና ልጆች፣ ጡረተኞችም፣ አስቀድመው ጥያቄያቸውን ለመንግሥት አቅርበው ካልተሳካ መክሰስ ይችላሉ። በሁለቱም በኩል ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ደግሞ በሐዘን ውስጥ ላለ ሰው እንደ ሁለት ሳምንት ያልፋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በአገራችን ሐኪም ቤት ስንሄድ አስቀድመን «እዚያ የምታውቁት ሰው አለ?» ብለን እንጠይቅ ነበር። እዚህ አገር የምናውቀው ሰው ከሌለ፣ የምናውቀው ነገር ይኑረን።

አንደኛ፣ ጥያቄ እንጠይቅ። ቀዶ ሕክምና የታዘዘላት እህት «ይህን ሕክምና እርስዎ በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ? ይህ ሆስፒታልስ?» ብላ ትጠይቅ። ስድብ አይደለም። ጥሩ ሐኪም ይመልሳል። መልሱ ካላረካት የሁለተኛ ሐኪም አስተያየት መጠየቅ መብቷ ነው። ትራይኬር ላይ ያላችሁ የወታደር ቤተሰቦችም ይህ መብት አላችሁ፤ ትራይኬር ፕራይም ከሆነ በሪፈራል ይጠየቃል።

ሁለተኛ፣ ቀጠሮ ሲርቅ ዝም አንበል። ቪኤ የሚታከም ባል ወይም ልጅ ያላችሁ፣ ከ2019 ጀምሮ ያለውን ደንብ እወቁ። ለመደበኛ ሐኪም ወይም ለአእምሮ ጤና ከ20 ቀን፣ ለልዩ ሐኪም ከ28 ቀን በላይ የሚያስጠብቅ ከሆነ በቪኤ ወጪ ሲቪል ሐኪም ዘንድ ለመታየት መጠየቅ ይቻላል። ጠይቁ፤ ሳይጠየቅ የሚነግራችሁ ላይኖር ይችላል። በየቪኤ ሆስፒታሉም የታካሚዎች ተሟጋች የሚባል ሠራተኛ አለ፤ አቤቱታችሁን ለእሱ አቅርቡ።

ሦስተኛ፣ አስተርጓሚ እንጠይቅ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የዲሲ ከተማም በ2004 ባወጣችው ሕግ መሥሪያ ቤቶቿ በአማርኛ ጭምር እንዲያገለግሉ አዝዛለች። የአሥር ዓመት ልጃችንን የእናቱን ደም መፍሰስ እንዲያስተረጉም አናስገድደው።

አራተኛ፣ እንጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስልክ ያነሳውን ሰው ስም፣ የተባልነውን ነገር በደብተር እናስፍር። የሕክምና መዝገባችንን ቅጂ እንውሰድ። እህታችን የደወለችበትን ሰዓትና ያናገራትን ሰው ጽፋ ቢሆን ኖሮ፣ አቤት ስትል «መዝገብ ላይ የለም» ባልተባለች ነበር።

አምስተኛ፣ አራስ እንለካ። ላይኛው ቁጥር 140 ወይም ታችኛው 90 ከደረሰ በዚያው ቀን ለሐኪም ይደወል። 160 ወይም 110 ከደረሰ አይደወልም፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን በታች የሚወጋ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር ካለ ቁጥሩ ባይደርስም ይኬዳል። በሩ ላይም የመጀመሪያው ቃል «ከወለድኩ ይህን ያህል ቀን ነው» ይሁን። የአራስ ራስ ምታት በቡና አይታለፍ።

አሁን ደግሞ ለራሳችን፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን ቤት ለምንሠራው። ስለ ሥርዓቱ ስንናገር እንደ ባዕድ አንናገር። ስልክ የምናነሳው፣ አልጋ የምናነጥፈው፣ ግፊት የምንለካው እኛም ነን። አንድ ታካሚ «አመመኝ» ሲል በድካም ያለፍንበት ሌሊት የሌለን ካለን እጃችንን እናውጣ። ሱ ኪኒክ የተባለች በካንሳስ ቶፒካ የቪኤ ሆስፒታል ነርስ ነበረች። የኪራይ መኪና ስትመልስ ሠራተኛው በእጅ መሣሪያ ባርኮድ ሲያነብ አይታ፣ «ይህ ለመኪና ከተቻለ ለታካሚና ለመድኃኒቱስ ለምን አይቻልም?» የሚል ሐሳብ አመጣች። ሆስፒታሏ ሞከረው፤ በኋላ በመላው አገር በቪኤ ሆስፒታሎች ተሠራበት። ዛሬ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የታካሚው የእጅ አምባር ሲነበብ የምትሰሙት ድምፅ ያን ሐሳብ ያስታውሰን። ሐሳቡ የመጣው ከአንዲት ነርስ ነው።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ለብዙ ነገር እውነት ነው። ሐኪም ቤት ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ በእህታችን ዓይን ላይ አይተነዋል። እዚያ የሚሠራው ሌላው አባባል ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ስለዚህ ኮሚቴው ሦስት ነገር ለጉባኤው ያቀርባል። ከማኅበሩ ገንዘብ አምስት የደም ግፊት መለኪያ ይገዛ፤ ለአራስ ጥሪ የሚሄድ ሁሉ ከገንፎው ጋር አንዱን ይዞ ይሂድ። ሁለተኛ፣ ሐኪም ቤት የሚያጅቡ አባላት ዝርዝር ይዘጋጅ፤ ቀጠሮ ያላት እህት፣ የወታደር ሚስትም ትሁን የቤት ሠራተኛ፣ ወታደር ሆስፒታልም ትሂድ ሲቪል፣ ደብተር የያዘች አንዲት እህት ከጎኗ ትቀመጥ። ሦስተኛ፣ ልጆቻቸው በሠራዊት ውስጥ ያሉ እናቶች በወር አንዴ ይገናኙ። እኚያ እናታችን ለመምራት ፈቅደዋል።

ወረቀቱ ከቡናው ጠረጴዛ ላይ ነው። ለማጀብ የምትችሉ ስማችሁንና የምታርፉበትን ቀን ጻፉ። የመጀመሪያውን መስመር የጻፈችው ያቺው እህታችን ናት። «ማክሰኞና ሐሙስ ነፃ ነኝ» ብላለች። ከስሟ በታች ገና ብዙ ባዶ መስመር አለ።

ቡናው ደርሷል።